የአካባቢ ጥበቃ፣ ብዛት አንድ

ሰሞኑን «ማካተት» የሚለውን ቃል ስሰማ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል። ለምን አትሉኝም? ባለፈው ሳምንት እዚሁ ወረታ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት አለፍ ብላ ካለች ምግብ ቤት ገብቼ ቦዘና ሽሮ አዘዝኩ። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ። አማሰልኩት። ጥጉን ሁሉ ፈተሽኩት። ሥጋ የሚባል ነገር የለም። አስተናጋጇን ጠርቼ፣ እህቴ፣ ቦዘና እኮ ነው ያልኩሽ፣ ሥጋው የታለ ብላት፣ ምንም ሳታፍር «ተካቷል ጋሼ» አለችኝ።

ምን ልበላት? እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሙሉ ለበላይ አካል ስመልሰው የኖርኩትን መልስ ነው የመለሰችልኝ። አንገቴን ደፍቼ በላሁና ወጣሁ።

የኔ ሥራ ዕቅድ መጻፍ ነው። ወረታ ውስጥ ስሙን ባልጠራው ደስ በሚለኝ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ዕቅድ መጻፍ ከባድ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ያለፈው ዓመት ዕቅድ ካለ፣ ዓመተ ምሕረቱን መቀየር ነው። አንዳንዴ እሱም ይረሳል።

አንድ ጊዜ ታዲያ ከላይ ደብዳቤ መጣ። የአካባቢ ጥበቃ በማንኛውም የልማት ዕቅድ ውስጥ እንዲካተት ይላል። ሀገር የምታድገው መሬቷን፣ ውሃዋንና ዛፏን ሳታጠፋ ነው ይላል። ልማቱና ጥበቃው ተቀናጅተው መሄድ አለባቸው ይላል። እውነት ነው። ማን ይቃወመዋል? ችግሩ የኛ ዕቅድ አልቆ፣ ታትሞ፣ ተጠርዞ መቀመጡ ነው። መሐል ገብቼ ላካትት ብል የገጽ ቁጥሩ ሁሉ ይፋለሳል። ስለዚህ ምን አደረግኩ? ከመጨረሻው ላይ ምዕራፍ ሰባት ብዬ ቀጠልኩበት። አካተትኩ ማለት ነው።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለኃላፊያችን እንዳትነግሩብኝ። ምዕራፍ ሦስት ላይ፣ «ውሃ ማደሪያ የተባለው ባዶ ቦታ በቦይ ተጠንፍፎ ወደ ሩዝ ልማት ይገባል» ብዬ ነበር። ምዕራፍ ሰባት ላይ ደግሞ፣ «ረግረጋማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ውሃ ማደሪያ፣ ባሉበት ሁኔታ ይጠበቃሉ» አልኩ። ለምሳሌ ስል አንድ ቦታ መጥራት ነበረብኝ። የተወለድኩት እዚያ ስለሆነ ቀድሞ የመጣልኝ እሱ ነው። ኃላፊያችን ምዕራፍ ሦስትን አንብበው ጎበዝ አሉኝ። ምዕራፍ ሰባትን ያነበበው ክፍል በደብዳቤ አመሰገነኝ። ሁለቱንም ያነበበ ሰው አልነበረም። እኔም ጻፍኩት እንጂ አላነበብኩትም።

ውሃ ማደሪያን አታውቁት ይሆናል። ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ፣ ወደ ጣና ስትወርዱ የምታገኙት ጨፌ ነው። ክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት ሌላው ማሳ በጥቅምት ይጠነፈፋል። እዚያ ግን ውሃው ጥር ድረስ ይከርማል። ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ከሥሩ ይነሳል። ሌላው አገር ሲነድ የኛ ላሞች እዚያ ጉልበታቸው ድረስ ሣር ውስጥ ቆመው ያመነዥካሉ። ድሮ ሜዳው ሁሉ እንዲህ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ሩዝ መጣና ሜዳው ማሳ ሆነ። ሩዝን አላማም። የናቴን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው፣ እኔንም አስተምሮ ዕቅድ ጸሐፊ ያደረገኝ ሩዝ ነው። ግን የላሙ ድርሻ እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ የቀረው ይኸው አንድ ጨፌ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ የሚቀዳው የናቴ ጉድጓድም ከጨፌው ዳር ነው። ጨፌው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ጉድጓዱ በበጋም ውሃ አያጣም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከምዕራፍ ሰባት በኋላ ደግሞ ሠንጠረዥ መጣ። ተሞልቶ የሚመለስ ሠንጠረዥ ነው። የመጀመሪያው አምድ «የአካባቢ ጥበቃ» ይላል፣ ሁለተኛው «ብዛት»፣ ሦስተኛው «ሁኔታ»። የአካባቢ ጥበቃ ብዛቱ ስንት ነው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሞላላችሁ? እኔ ጨፌውን አስቤ «አንድ» አልኩ። ሁኔታው ላይ «በሥራ ላይ» አልኩ። ጨፌ ሥራው ምን እንደሆነ እንጃ። ከዚያ ጨፌው ላለበት ቀበሌ ደብዳቤ ያዘጋጀሁትም እኔው ነኝ፤ «በዕቅዱ መሠረት የአካባቢ ጥበቃ፣ ብዛት አንድ፣ በአስቸኳይ በሥራ ላይ መሆኑን እንድታረጋግጡልን» የሚል። ማኅተም አስመትቼ ላክሁት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ቅን ሰው ናቸው። ደብዳቤ ሲመጣላቸው ያነባሉ፣ ያነበቡትንም ያደርጋሉ። እንዲህ ያለ ሰው ለመሥሪያ ቤት አደገኛ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ዋርካው ሥር አስቀምጠው አስረዱ። ትምህርት ቤቱ ጥበቃ አለው፣ ጤና ኬላው ጥበቃ አለው፣ የማዳበሪያ መጋዘኑ ጥበቃ አለው፤ ይኸው ዛሬ ደግሞ መንግሥት አካባቢውንም አስቦ አንድ ጥበቃ ፈቅዶለታል፣ ምረጡ አሉ። ሕዝቡም መንግሥት ይህን ያህል ማሰቡ ገርሞት መረጠ።

ማን ተመረጠ? አያ ደምለው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ለምን እሳቸው ቢባል፣ ጠብ ላይ ዘመድና ባዕድ አይለዩም። ከገዛ ወንድማቸው ጋር በድንበር፣ ከአማታቸው ጋር በበሬ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ ጋር በደወል ሰዓት ተጣልተዋል። ለጥበቃ ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? እሳቸውም በቀላሉ እሺ አላሉም።

«ምኑን ነው እምጠብቀው?» አሉ።

«አካባቢውን» አሏቸው ሊቀመንበሩ።

«ከማን?»

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ደግመው አዩት። ደብዳቤው ከማን እንደሆነ አይልም።

«ከመጣው ሁሉ» አሉ።

አያ ደምለው ይህችን ካሰቡባት በኋላ ተስማሙ። አሮጌ ካፖርትና ፊሽካ ተሰጣቸው። ያንን የኔን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ወረታ ቁጭ ብዬ ዓመተ ምሕረት እቀይራለሁ። የሰማሁት እናቴን ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት ነው። ከባጃጅ ወርጄ በእግሬ ጨፌውን አቋርጬ ስሄድ፣ የጠጣሁበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ወርወር አደረግኩት። ከኋላዬ ፊሽካ ተነፋ። ዞር ብል ካፖርት የለበሰ ሰው እየተንደረደረ ይመጣል። አያ ደምለው ናቸው። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ከረምክ የለ።

«አንሳ» አሉኝ።

«አያ፣ እኔ ነኝ እኮ።»

«አንተ መሆንህንማ አየሁ። አንሳ። የመንግሥት ሰው አይዶለህም እንዴ?»

አነሳሁ። ጠርሙሱን እናቴ ቤት ድረስ ታቅፌ ሄድኩ። እናቴ ነገሩን ስታጫውተኝ ሳቄ ሊገድለኝ ደረሰ። በየዓመቱ አንዳንድ ፈር ወደ ጨፌው እየገፋ ማሳውን የሚያሰፋ ሁሉ ዘንድሮ ፊሽካ እየተነፋበት ተመልሷል። አንዱ አማቻቸው ነው፤ እስካሁን አይነጋገሩም። የገበዙን በሬ ደግሞ ሣሩ ሳይደርስ ገብቶ አገኙት። ገበዙ፣ አያ ደምለው፣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ በሬ እኮ ነው ቢሏቸው፣ በሬው ሲያገለግል አላየሁትም አሉ ይባላል። እግዜር ይቅር ይበላቸው። እኔ ወረታ እስክገባ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ፣ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየ ፍጥነቱን ጨመረ።

ሳቄ ግን የካቲት ላይ ቆመ። በምዕራፍ ሦስት መሠረት ቦይ የሚቆፍር ስካቫተር መጣ።

ጥዋት ነው። ሣሩ ቆሟል፣ ላሞቹ ተሰማርተዋል። ስካቫተሩ ቦይ ሊቀድ ጥርሱን መሬት ሊያስነካ ሲል ፊሽካ ተነፋ። ኦፕሬተሩ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወረደና ደብዳቤውን አሳየ። አያ ደምለው ዳዊት የደገሙ ናቸው፤ አንድ በአንድ አነበቡለት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው የራሳቸውን አወጡ። ኦፕሬተሩም በተራው አነበበ። ማኅተሙ አንድ ነው። ያዘጋጀው የሚለው ስም አንድ ነው። ስሙን አትጠይቁኝ። ኦፕሬተሩ ወደ መሥሪያ ቤታችን ደወለና፣ ሁለት ደብዳቤ አለ፣ አንዱ ቆፍር ይላል፣ አንዱ ጠብቅ ይላል፣ የቱን ልያዝ ብሎ ጠየቀ። ኃላፊያችን ስልኩን ዘግተው አስጠሩኝ። ከዚያ ሂድና ለአጎትህ አስረዳ አሉኝ።

ምኑን ነው የማስረዳው? መንገዱን ሙሉ ተለማመድኩት። አያ፣ ይህ ጥበቃ የሚባለው እንደ ዘበኛ ያለ ጥበቃ አይደለም፣ ጽንሰ ሐሳብ ነው፣ ከልማቱ ጋር ተቀናጅቶ የሚሄድ ነው እላለሁ አልኩ። ስደርስ ኦፕሬተሩ ጎማው ላይ ተቀምጦ የእናቴን ዳቦ ይበላል። አያ ደምለው ከስካቫተሩ ፊት ለፊት ካፖርታቸውን አንጥፈው ተቀምጠዋል። ከጀርባቸው ቡሬ የምትባለው ላማቸው ትግጣለች። ቡሬ ጥቁርና ነጭ፣ ሰፊ፣ በመንደሩ የቀረች የጥንቱ የፎገራ ዘር ናት። እሷን ሲያዩ ብቻ ነው አያ ደምለው ፊታቸው የሚፈታው።

የተለማመድኩትን ሁሉ ተናገርኩ። ስጨርስ እንዲህ አሉ፤

«እኔ የገባኝን ልንገርህ። ይኸ ከደረቀ የናትህ ጉድጓድ በመጋቢት ይደርቃል። እኒህ ላሞች በጋውን አያልፉም። ሩዙም ቢሆን ይኸ ውሃ ይዞ ካልቆየለት በድርቅ ዓመት ምን ሊጠጣ ነው? ይኸን ልጠብቅ ነው የተመረጥሁ። አይዶለም ካልህ እሺ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። የናንተው ጥበቃ ምኑን ነው እሚጠብቅ?»

ይህን ሁሉ ዓመት የጻፍኩትን በልቤ አገላበጥኩት። የምንጠብቀው ነገር የለም። የምንጠብቀው ካለ ምዕራፍ ሰባትን ነው፣ እንዳይቀደድ። አፈርኩ። ከነዚያ ላሞች ፊት እንኳ አፈርኩ።

ከዚያ በዕድሜዬ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ፤ ዕቅዴን አንብቤ ወሰንኩ። ኦፕሬተሩን፣ ወንድሜ፣ ምዕራፍ ሰባት ከምዕራፍ ሦስት በኋላ የወጣ ነው፣ በአሠራር ደግሞ የኋለኛው የፊተኛውን ይሽራል አልኩት። እንዲህ ያለ አሠራር መኖሩን እስካሁንም አላውቅም። እሱ ግን ዳቦውን አመስግኖ ስካቫተሩን አዙሮ ሄደ። አያ ደምለው ካፖርታቸውን አራግፈው ለበሱና፣ «አሁን የመንግሥት ሰው መሰልህ» አሉኝ። ያን ዕለት ከናቴ ቤት እስከ አስፋልቱ እያፏጨሁ ነው የሄድኩት።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ጥሩ ነበር። እናንተም ደስ ብሏችሁ ትሄዱ ነበር። ምን ያደርጋል።

ኃላፊያችን ሦስት ቀን ተቆጡ። በአራተኛው ቀን አንድ ትልቅ እንግዳ በወረታ ሲያልፉ ነገሩን ሰሙና፣ ይኼማ ጥበቃው ከልማቱ ጋር ከታች ጀምሮ የተቀናጀበት ድንቅ ተሞክሮ ነው አሉ። ኃላፊያችንም ወዲያው፣ አዎ፣ ሆን ብለን ያደረግነው ነው አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ደምለው ተሞክሮ ሆኑ። ጎብኚ በመኪና እየሆነ መጣ። ጥዋት አያ ደምለውን ያያሉ፣ ፊሽካ ያስነፋሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። ከሰዓት በኋላ ወንዛዬ ፍል ውሃ መሄድም በፕሮግራሙ ተካቷል። ያኛው እንኳ በትክክል ነው የተካተተው፤ አንድም ጊዜ ሳይፈጸም አልቀረም።

መኪኖቹ የሚቆሙት ጨፌው ላይ ነው። የት ይቁሙ? እንግዳ ደግሞ ጥላ ይፈልጋል፣ መጸዳጃ ይፈልጋል፣ ተሞክሮውን ተቀምጦ የሚሰማበት ይፈልጋል። ስለዚህ የአካባቢ ጥበቃ የተሞክሮ ማዕከል ይሠራ ተባለ። የት ይሁን ብለው ኃላፊያችን እኔን ጠየቁኝ። እኔስ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? በቅን ልቤ አሰብኩ። ስሙ የአካባቢ ጥበቃ የሆነ ቤት ጨፌው ላይ ከቆመ ከእንግዲህ ማንም ስካቫተር አይደርስበትም ብዬ አሰብኩ። ጣቴን ካርታው ላይ አድርጌ «እዚህ» አልኳቸው። ሲሠራ የተመረጠው ደግሞ ጎድጓዳው ቦታ ነው፣ ውሃው በዋናነት የሚከርምበት፣ ለእይታ ያምራል ተብሎ።

ጎድጓዳውን መሙያ ገረጋንቲ የጫኑ መኪኖች ሲመጡ እኔ እዚያ ነበርኩ። አያ ደምለው ፊሽካውን አፋቸው ውስጥ ከተው ወጡ። ሹፌሩ ደብዳቤ ሰጣቸው። አነበቡት። «ለአካባቢ ጥበቃ ማጠናከሪያ» ይላል። ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ። ወደኔ ዘወር አሉ።

«ይኸ የኛው ወገን ነው?» አሉኝ።

«አዎ አያ።»

ይለፉ አሉ። የመጀመሪያው መኪና አፈሩን ሣሩ ላይ ሲገለብጥ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመው ተመለከቱ። እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ።

የቀጠለውን ክረምት ውሃው መጥቶ የለመደውን ቦታ አጣው። እየዞረ በሰው ማሳ ሄደ። ሣሩ በጥር እንደ ነገሩ በቀለ። የናቴ ጉድጓድ በመጋቢት ጭቃ ሆነ፤ አሁን ጎረቤቱ ሁሉ ጀሪካን ተሸክሞ ሩቅ ይወርዳል። እናቴ እኔን አልወቀሰችኝም። ውሃ አምጥታ ታስታጥበኝ የነበረችው ሴት ግን አሁን እኔ ስመጣ ውሃ ይዘህ ና ትለኛለች። አያ ደምለውም አንድ ቅዳሜ ቡሬን ወረታ ገበያ አወጧት። ነጂዋ ራሳቸው ነበሩ፤ ሌላ ሰው አልፈቀዱም። አስፋልቱ ዳር አገኘኋቸውና ሰላም ስላቸው የላሟን አንገት እያሻሹ፣ ደህና ነኝ፣ ሣር ያለበት አገር ትሂድ ብዬ ነው አሉኝ።

ማዕከሉ ሚያዝያ ላይ ተመረቀ። ግድግዳው አረንጓዴ ተቀብቷል። ወንበሩ አዲስ ነው። ኃላፊያችን ልማትንና ጥበቃን አቀናጅቶ መሄድ እንደሚቻል ይህች አካባቢ ለሀገር አሳየች ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ። የሕንጻው የመጀመሪያ ጥበቃ ሆነው በቋሚነት መቀጠራቸውንም ለአያ ደምለው አበሠሩ። ተጨበጨበ። ከዚያ ጥቂት እንዲናገሩ ጋበዟቸው።

አያ ደምለው ቀስ ብለው ተነሱ። ካፖርታቸውን አውልቀው አዲሱ ወንበር ላይ አጥፈው አስቀመጡት፣ ፊሽካውንም በላዩ።

«ቤት ጠብቁ ብላችሁኛል፤ ቤትስ ውሻም ይጠብቀዋል» አሉ። «እኔ ከአራሽ ጠበቅሁ። ከበሬ ጠበቅሁ። ከዚያ ከብረቱም ጠበቅሁ። ይኸን ሁሉ ችያለሁ። እያመሰገነ ከሚመጣው ግን እንዴት እንደሚጠበቅ ማንም አላስተማረኝም።»

ከኃላፊያችን ጀምሮ አዳራሹ ሁሉ ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ። አያ ደምለው በመሐል አቋርጠው ወጡ።

የዕለቱ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነበርኩ። ቃላቸውን እንዳለ ጻፍኩት። ኃላፊያችን ሊፈርሙ ሲሉ አነበቡት፣ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ይህማ እንዲህ አይጻፍም፣ በሥራ ቋንቋ አስተካክለው አሉኝ። አስተካከልኩት። አሁን መዝገቡ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ጥበቃው ተጨማሪ ሥልጠና እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል።»